አባቴ በችሎት ሲተረጉም

ሕግ ላጠና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከሁሉ በፊት የተማርኩት ሰውን «አንቱ» ማለት ነው። ይህ በትምህርቱ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። እኛ ድሬዎች ትንሹንም ትልቁንም «አንተ» ብለን ነው ያደግነው። ንቀት አይደለም፣ አማርኛው እጃችን የገባው እንዲሁ ሆኖ ነው። በእኛ ቤት አማርኛ ከኦሮምኛ፣ ከሶማልኛና ከአደርኛ ቀጥሎ የሚመጣ፣ ለገበያና ለመሥሪያ ቤት የሚወጣ ቋንቋ ነበር። ታዲያ በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ሽበታም መምህር ፊት ቆሜ «አንተ ያልከው አልገባኝም» ስል ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። መምህሩ ሳቃቸውን አፍነው «ከየት ነው የመጣሽው?» አሉኝ። «ከድሬዳዋ» ስላቸው «በይ ገባኝ» ብለው ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የክፍል ጓደኞቼ ስሜን ትተው «አንተ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። እስክመረቅ ድረስም አልተዉኝም።

ሕግ የመረጥኩት በአባቴ የተነሣ ነው። አባቴ በከተማችን ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። አራት ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻው ይናገራል፤ ከባቡር ሠራተኞች የለቀመው ፈረንሳይኛም ለክርክር ይበቃዋል። መጻፍና ማንበብ የሚችለው ግን ልጅ ሆኖ ቁርኣን ቤት በተማረው በዓረብኛው ፊደል ብቻ ነበር። የሥራው መሣሪያ ምላሱና አንዲት ጥቁር ኮት ናቸው። ያችን ኮት በዚያ የድሬ ሙቀት፣ ሰው ሽርጥ እንኳን በከበደው ሰዓት፣ እስከ አንገቱ ቆልፎ ይለብሳታል። ከቤት ሲገባ መስኮቱ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ይሰቅላታል፣ ማንም እንዲነካት አይፈቅድም። እናቴ «ያገባኋት ኮቷን ነው፣ አባትሽ ተከትሎ መጣ» እያለች ትቀልድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቹ ጫት ይዘው ሲሰበሰቡ ደግሞ ችሎቱ ወደ ሳሎናችን ይመጣል። አባቴ ከሳሹንም ተከሳሹንም ዳኛውንም እየሆነ የጠዋቱን ክርክር ይደግምላቸዋል። እኔ ከበሩ ጀርባ ተቀምጬ ልብሴን እየሰፋሁ አዳምጣለሁ። እንደሱ የሚናገር ሰው ካለ ዓለም የምትስተካከል ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛውን ዓመት ስንጨርስ ያ ሽበታም መምህር ለክረምቱ የቤት ሥራ ሰጡን። በየአገራችን ካለ ፍርድ ቤት ገብተን እንድንቀመጥ፣ ያየነውን እንድንጽፍ። «የሆነውን ብቻ» አሉን። «አስተያየታችሁን ዳኛ እስክትሆኑ አቆዩት።» እኔ ከሁሉ ተማሪ ይልቅ የተመቸኝ መሰለኝ። በባቡሩ መስኮት የአዋሽን ሜዳ እያየሁ ስሄድ ወረቀቱን በሐሳቤ ጨርሼው ነበር።

ድሬ ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ላይ የተቀበለኝ አባቴ ነው። የቤት ሥራውን ስነግረው ደስታውን መደበቅ አልቻለም። በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ኮቱን ሁለት ጊዜ አራግፎ ለበሰና ከአጠገቤ እየተራመደ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ በየቋንቋው እያስቆመ «ልጄ ናት፣ ሕጉን ልታየው መጥታ ነው» ይል ጀመር። ፍርድ ቤቱ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ያን ቀን ግን ሠላሳ ደቂቃ ፈጀብን።

የቀረበው ጉዳይ የጥላ ነበር። ከሳሽዋ ከቢዮ አዋሌ በኩል ወተት እያመጣች መጋላ ገበያ የምትሸጥ ሶማሌ ሴት ናት። ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ደጃፍ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊው፣ ወተቷ ዝንብ ይሰበስብብኛል፣ ደንበኛ መግቢያ አጣ ብሎ፣ በእሷ በኩል ያሉትን ቅርንጫፎች በሙሉ በመጥረቢያ አወረዳቸው። በድሬ ፀሐይ ጥላ ያጣ ወተት ረፋድ ላይ ይበላሻል። እሷም «ጥላዬን ቆረጠብኝ» ብላ ከሰሰች።

ልብስ ሰፊው አማርኛ ስለሚችል ለራሱ ይናገራል። ሴትዮዋ የምትናገረው በአባቴ በኩል ነው። አባቴ ቁርኣኑ ላይ እጁን ጭኖ የሰማውን ሳይጨምር ሳያጎድል እንደሚተረጉም ማለ። እኔም ከኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ ደብተሬን ዘረጋሁ።

ሴትዮዋ አንዴ አፏን ስትከፍት የሚያቆማት ጠፋ። እጇን እያወናጨፈች፣ ልብስ ሰፊውን እየጠቆመች፣ «አላህ አፉን በራሱ መርፌ ይስፋው!» አለች በሶማልኛ። አባቴ ወደ ዳኛው ዞሮ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «በጣም አዝኛለሁ ትላለች» አለ።

እርሳሴ ቆመ። ከዚያ ጻፍኩት፦ አጎደለ።

ልብስ ሰፊው ተነሥቶ «ይቺ ሴት ራሷ ትሸታለች፣ ሱፉ ሁሉ ግማቷን ጠጣ» ሲል ደግሞ አባቴ ለሴትዮዋ በሶማልኛ «የወተት ሽታ ልብሱ ላይ እየቀረ ተቸግሬያለሁ ይላል» አላት። አጎደለ። ጥቂት ቆይቶ «ለሶላት ሲሄድ ሱቁን የምጠብቅለት እኔ ነበርኩ ትላለች» አለ። ይህን ሴትዮዋ በችሎት አላለችም። ለእሱ የነገረችው ከመግባታቸው በፊት፣ በረንዳው ላይ ነው፣ እኔም ሰምቻለሁ። ጨመረ። ጠዋቱ ሲያልቅ እንዲህ ያለ ሰባት ነገር መዝግቤ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ስቆጥር አንድ ዓይነት ደስታ ተሰምቶኛል። ሁለተኛ ዓመት ሕግ ተማሪ ስሕተት ሲያገኝ የሚሰማው ደስታ ነው፤ የማን ስሕተት እንደሆነ ያሰብኩት በኋላ ነው።

ዳኛው ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣት ሰው ነበሩ፣ ወር አልሞላቸውም። ሶማልኛ ባይሰሙም ጆሮ ነበራቸው። «ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ተናግራ እርስዎ የሚነግሩኝ ይቺን ታህል ነው» አሉ አባቴን።

«ክቡር ዳኛ፣ ፍሬውን ነው የሰጠሁህ» አለ አባቴ።

ዳኛው ቀጠሮውን ለሚመጣው ሐሙስ ሰጡና ሰው ሲወጣ እኔን ወደ ቢሯቸው አስጠሩኝ። «አባትሽ እንደሆኑ አውቃለሁ» አሉኝ፣ «ቋንቋውን እንደምታውቂም ተነግሮኛል። ሐሙስ ዕለት ሴትዮዋ የምትለውን ቃል በቃል ጻፊልኝ። የዛሬውንም ጽፈሽ ከሆነ አምጪው። ትርጉሙ ትክክል ካልሆነ ሌላ አስተርጓሚ መጠየቅ ግዴታዬ ነው። ለሳቸው ክብር ስል በሰው ፊት አላደረግኩትም።» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፣ ይህም ነገሩን ለእኔ የባሰ ከባድ አደረገው።

ከቢሮው ወጣሁ። ደብተሩን ብሰጥ አባቴ ሃያ ዓመት የቆመበትን ቦታ ያጣል። ብደብቅ ደግሞ ሁለት ዓመት የተማርኩት ሁሉ ምን ሊሆነኝ ነው? አባቴ ከውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። «ምን አለሽ ዳኛው?» አለኝ። «ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ» አልኩት። ለአባቴ የዋሸሁት ብዙ ጊዜ አይደለም፣ ያቺን ግን አልረሳትም።

አራት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። እናቴ አዲስ አበባ ብርድ ይዞኝ የመጣሁ መስሏት በሙቀቱ ላይ ሾርባ አፈላችብኝ። በአምስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ጎረቤቶቹ ሳይመጡ በፊት ሳሎን ገባሁና ሁሉንም ለአባቴ ዘረገፍኩለት። ዳኛው ያሉትን፣ ደብተሩን፣ ሰባቱን።

ትራሱን ደገፍ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «አንብቢልኝ» አለ።

አነበብኩለት። እያንዳንዷን ሲሰማ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ስጨርስ «ሁለት አምልጦሻል» አለኝ።

«ምን?»

«ዘጠኝ ነው። ልብስ ሰፊው ስለ እናቷ የተናገረውን አልጻፍሽም፣ እሷም ስለ ዳኛው ያለችውን አልጻፍሽም። አቦ፣ ሕግ ተማሪ አይደለሽም እንዴ? በደንብ ጻፊ እንጂ።»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅኩም። ለምን እንደሚያደርገው ጠየቅኩት።

«ስሚኝ ልጄ» አለ። «ሰውዬው ሲሰድባት ፊቱን አይታለች፣ ድምፁን ሰምታለች። አንዴ ተሰድባለች። እኔ ደግሜ በቋንቋዋ ልስደባት? ዳኛው ነገ ተዛውሮ ይሄዳል። እነሱ ግን ነገም ከዚያው ሱቅ ደጃፍ ይገናኛሉ።»

«አባ፣ ግን ቁርኣን ይዘህ ምለሃል» አልኩት።

አባቴ ዓይኑን ሚስማሩ ላይ ወደተሰቀለችው ኮቱ አዞረ። ወዲያው ጎረቤቶቹ እየተጠራሩ ገቡ። በዚያን ቀን በጫቱ በርጫ ላይ አባቴ አንድም ክርክር አልደገመም። ወዳጆቹ «ዋሪያ፣ ዛሬ ፍርድ ቤቱ ተዘጋ እንዴ?» ቢሉት ጫቱን ወደ እነሱ ገፋ አደረገላቸው። ምላሴን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ።

ሐሙስ ጠዋት እንደወትሮው አብረን ሄድን። በመንገድ ማንንም አላስቆመም። ደብተሩ በብብቴ ነበር፣ ለዳኛው ልስጠው አልስጠው እስከዚያች ሰዓት አልቆረጥኩም።

ችሎቱ ተሰየመና ቁርኣኑ ሲቀርብለት አባቴ እጁን አልዘረጋም። «ክቡር ዳኛ» አለ፣ «ከመማሌ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ባለፈው ሐሙስ የማልኩትን አልጠበቅኩም። ዘጠኝ ቦታ ጨምሬያለሁ፣ አጉድያለሁም። ስድቡን አውጥቼ ነው የሰጠሁህ። ለክፋት አይደለም፣ ግን መሐላዬን በልቻለሁ። ብታነሣኝ አልከፋም። ዛሬ ካቆምከኝ ግን የሰማሁትን ሁሉ እንደሰማሁት እናገራለሁ።»

ዳኛው ቁርኣኑ እንዲጠጋለት በእጃቸው አመለከቱ። ከዚያ «ይማሉ» አሉ።

አባቴ ከማለ በኋላ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ ዛሬ የምትለው ሁሉ እንዳለ እንደሚነገር በሶማልኛ አስጠነቀቃት። «ታዲያ እስከዛሬ ምን ስትላቸው ነበር?» ብላ አፈጠጠችበት። እሱም ይህችኑ ለዳኛው ተረጎመ። ከኋላ ያለው ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እስከዛሬ ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ። ሴትዮዋ የባለፈውን እርግማኗን ስትደግመው ያ ለስላሳ፣ ጥቁር ኮት የለበሰ አባቴ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ወደ ልብስ ሰፊው ዞሮ በትሕትና «አላህ አፍህን በራስህ መርፌ ይስፋው» አለ። ቀጥሎም የእሷኑ ቃል ይዞ ወደ ዳኛው ዞሮ «ይሄ ዳኛ ከደጋ የመጣ ልጅ ነው፣ ፀሐይ ምን እንደሆነ ከየት አውቆ ነው የሚፈርደው?» አለ። የዳኛው ብዕር ቆመ። ጆሯቸው ቀላ። «ይቀጥሉ» አሉ።

ሴትዮዋም ቀጠለች፣ አሁን ግን ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። አባቴ እግር በእግር ተከተላት። «ዛፉን ሳገኘው ጉልበቴን አያህልም ነበር። ፍየል በልቶት ሁለት ቅጠል ቀርቶት ነው ያገኘሁት። ዙሪያውን እሾህ ያጠርኩለት እኔ ነኝ። ወተት ሸጬ ስጨርስ ዕቃዬን የማጥብበትን ውሃ በየቀኑ አፈስለት ነበር። ውሃ ባጣሁ ቀን ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ቆፍሬ አመጣለታለሁ። ጥላው እስኪደርሰኝ ሦስት ዓመት ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ። ይህን ባለፈው ሐሙስም ተናግሬያለሁ፣ የሰማኝ የለም።»

አባቴ «የሰማኝ የለም» ላይ ሲደርስ ዓይኑን ከዳኛው ወደ እሷ መለሰ። እውነቷን ነበር። ባለፈው ሐሙስ ይህን ሁሉ ስትናገር አባቴ «ከዛፉ ሥር ብዙ ዘመን ተቀምጫለሁ ትላለች» ብሎ አሳጥሮት ነበር፤ ወሬ ማርዘም መስሎት። ደብተሬን ገለጥኩ። እኔም ጋ የለም። እሷ ውሃውን ስትናገር እኔ አንገቴን ደፍቼ የመርፌውን እርግማን እጽፍ ነበር። ከሰባቱም ከዘጠኙም ውስጥ አልነበረበትም። የክርክሩ ልብ በሁለት ሰው ፊት አልፎ ሁለታችንም አልያዝነውም። አባቴን ልወነጅል በያዝኩት ደብተር እኔም አፈርኩ።

ልብስ ሰፊው ሳይጠየቅ ብድግ አለ። «ይህን አላውቅም ነበር» አለ። «ሱቁን ስይዝ ዛፉ ቆሞ ነው ያገኘሁት። እንዲያው ፈጣሪ ያበቀለው መስሎኝ ነው።»

አባቴ ተረጎመላት። ሴትዮዋ መለሰች፣ አባቴም «ፈጣሪማ ነው ያበቀለው፣ ያጠጣሁት ግን እኔ ነኝ» አለ።

ዳኛው ተከራካሪዎቹ ውጭ ወጥተው እንዲነጋገሩ ዕረፍት ሰጡ። አባቴ መቆሚያው ላይ እንደቆመ ቀረ፣ ኮቱን ሊያወልቅ ይሁን ሊቆልፍ ሳይታወቅ ቁልፏን ይዞ። ዳኛው «ምን ይጠብቃሉ?» አሉት። ቀጥለውም «ሰዎቹ የሚያግባባቸው ይፈልጋሉ። እዚህ ውስጥ ቃል በቃል ይሁን። ከበሩ ውጭ ያለው የእርስዎ ነው።» አባቴ በሩጫ ቀረሽ እርምጃ ወጣ።

እኔ ደብተሩን ይዤ ወደ ዳኛው ጠረጴዛ ቀረብኩ። እጃቸውን አንሥተው ከለከሉኝ። «ልጅን በአባቷ ላይ መዝግቢ ማለቴ ስሕተት ነበር» አሉ። «እንዲህ ያለ የዘመድ ማስረጃ ሌላ ሰው ቢያመጣ እኔ ራሴ የማልቀበለው ነው። ተምሬው ረሳሁት።» እኔም ተምሬው ነበር፤ ባለፈው ፈተና ላይ ሳይቀር ጽፌዋለሁ። አራት ቀን ስጨነቅ አንድ ጊዜም ትዝ አላለኝም።

በረንዳው ላይ አባቴ ምን እንዳላቸው አላውቅም፣ አልጻፍኩትም። ሲመለሱ ግን ተስማምተው ነበር። ልብስ ሰፊው ዛፉን ከእንግዲህ ላይነካ፣ ቅርንጫፉ እስኪያድግም ጥላ ሊሠራላት፤ እሷ ደግሞ ወተቷን ከድና ከበሩ ጥቂት ፈቀቅ ልትል። ስምምነቱ በመዝገብ ሰፈረ። በሳምንቱ በመጋላ ሳልፍ ከሱቁ ግንብ እስከ ዛፉ ግንድ የተወጠረ ነጭ ሸራ አየሁ። ጠርዙ እንደ ሙሽራ ቀሚስ በድርብ ስፌት ተሰፍቷል። ሴትዮዋ ከሥሩ ተቀምጣ ለእኔ ወተት ቀዳችልኝ፣ አንድም ዝንብ አልነበረም ማለት ግን አልችልም።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ወረቀቱን ጨረስኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጎረቤቶቹ አልመጡም። አባቴ «አንብቢልኝ» አለኝ። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ስለዚህ እያየሁ በአማርኛ እነግረዋለሁ። እናቴ ደግሞ የአባቴን ሱሪ እየጠቀመች ከጥግ ተቀምጣ በየመሐሉ «ማል ጄዴ?» እያለች ምን እንደተባለ በኦሮምኛ ትጠይቃለች፣ አባቴም ይተረጉምላታል።

«አስተርጓሚው መሐላውን ስላልጠበቀባቸው ዘጠኝ ቦታዎች» የሚለው ገጽ ላይ ስደርስ ጣቴን መስመሩ ላይ አቆምኩ። አንድ አንቀጽ ብዘል ማን ያውቃል? እንግሊዝኛ የሚያነብ በቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ የለም። አባቴ ትራሱን ተደግፎ ይጠብቀኛል። አባቴ በችሎት ቃሉን የሚያለሰልሰው ከምን የተነሣ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሳልዘል አነበብኩ። ዘጠኙንም፣ ከዚያም ተማሪዋ ራሷ ያልሰማችውን የውሃውን ነገር።

እሱም በተራው አንድ በአንድ ለእናቴ ተረጎመላት። በጆሮዬ ተከተልኩት፤ የራሱን ጥፋት አንዷን እንኳን አላለዘበም። እናቴ «ዘጠኝ ብቻ? እቤት ቢቆጥሩት ስንት ይሆን ነበር!» አለችና ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

መጨረሻው ላይ ደርሼ ወረቀቱን አጠፍኩ። አባቴ ግን አልጨረሰም። ወደ እናቴ ዘንበል ብሎ፣ በዚያው የችሎት ድምፁ፣ «ይህን የጻፈችው ልጃችን ናት፣ እኔም እኮራባታለሁ» አላት በኦሮምኛ።

እንዲህ የሚል በወረቀቱ ላይ የለም። ደብተሬ ጭኔ ላይ ነበር፣ እርሳሱም በእጄ። አልጻፍኩትም።